ሙሽራዋ የተመለሰችበት ካሴት

ባለፈው እሑድ ከገበያ በቦዳ ቦዳ ሞተር ስመለስ ድንበሩ በር አጠገብ መንገድ ተዘጋብን። ሰርግ ነበር። ከኬንያ በኩል የተነሱ አምስት ስድስት መኪኖች ጥሩምባቸውን እያስጮሁ ወደ ኢትዮጵያ ሞያሌ ይሻገራሉ። በእኛ በኬንያ በኩል መኪና ግራውን ይዞ ነው የሚሄደው፤ በሩን ካለፈ በኋላ ደግሞ ቀኙን ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዷ መኪና እዚያ ስትደርስ ከመንገዱ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ታልፋለች። የሞያሌ ሰው ይህን ሲያይ ስለኖረ ልብም አይለው። እኔ ግን ዓይኔ ወዲያው ካሜራ የያዘውን ሰው ፈለገ። አንድ ቆብ ያደረገ ሰውዬ በስልኩ ይቀርጻል፤ መኪኖቹ ጠርዝ ሲለውጡ እሱም አብሯቸው ሮጦ ተሻገረ።

«ኧረ አትሻገር! በቆምክበት ቁም!» ብዬ ጮህኩ።

ባለ ሞተሩ ዞሮ አየኝ። «ማማ ሰላም፣ ምነው? ዘመድሽ ነው እንዴ?»

«ዘመዴስ አይደለም። ሙሽራዋን እየመለሳት ነው።»

«ፖሌ፣ አይዞሽ ማማ፣ ፀሐዩ መትቶሻል» ብሎ ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። ቤት ገብቼ የገዛሁትን ቲማቲም ከፌስታሉ እንኳ ሳላወጣ ቁጭ ብዬ ቀረሁ።

ነገሩ የሆነው ከብዙ ዓመት በፊት ነው፤ ያን ጊዜ አስፋልት አልነበረም። ከገበያው ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ቀይ አፈር ነው፤ የከብት መኪና ባለፈ ቁጥር ሁላችንም አንድ መልክ እንሆናለን። በዚያ መንገድ ዳር፣ በልብስ ሰፊው ቤትና ዱካ በምንለው የስኳር ሱቅ መካከል፣ ሰማያዊ በር ያላት ፎቶ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ከሀገር ሲወጡ ከንብረታቸው ሁሉ ካሜራቸውን ብቻ አንጠልጥለው የመጡ ሰው ናቸው። ብዙ ኪስ ያለው ካኪ ሰደርያ ያዘወትሩ ነበር፤ በአንዱ ኪስ ባትሪ፣ በአንዱ ሽቦ፣ በአንዱ ደግሞ ሕፃናት ፎቶ ሲነሱ እንዳያለቅሱ የሚሰጡት ከረሜላ። ልብስ ሰፊው ሬዲዮኑን ጠዋት ከፈተ ማለት እስኪመሽ አይዘጋውም፤ የአማርኛው፣ የኦሮምኛው፣ የስዋሂሊው ዘፈን ተራ በተራ በግድግዳው አልፎ ይመጣብናል። ዛሬም ልብስ ሳጥብ ቃሉን የማላውቀውን የስዋሂሊ ዜማ ሳላስበው አንጎራጉራለሁ። ማንዳዚ የሚባለው የተጠበሰ ሊጥ አንድ ሺሊንግ ነበር፤ ያውም እንደ ዛሬው ውስጡ ባዶ ያልሆነ። ሴቱ ሌሶ ያገለድማል፣ ወንዱ ሽርጥ ይታጠቃል። ሰርግ ሲመጣ ግን ሙሽራዋ ቬሎ ካልለበሰች ሰርግ አይባልም። በከተማው ከነበሩት ሁለት ቬሎዎች አንዱ የፎቶ ቤታችን ነበር፤ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ፣ ደረቱ በነጭ ዶቃ የተሞላ።

እኔ የተቀጠርኩት ቤቱን ለመጥረግና ያንን ቬሎ ለማጠብ ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም። ልጄ ሰላም፣ ሰው «ማማ ሰላም» የሚለኝ በእሷ ነው፣ ሰባት ወሯ ነበርና ጀርባዬ ላይ ናት፤ አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ከወሩ አብዛኛውን መንገድ ላይ ነው የሚያሳልፈው። ጠባዬ ደግሞ ያኔም ሆነ ዛሬ ስጉ ነው። በር ቆልፌ ስሄድ ተመልሼ እነካዋለሁ። ቤት የገባ ሰው ምን ይዞ እንደገባ፣ ምን ይዞ እንደወጣ፣ ካራው የት እንደተቀመጠ፣ መርፌው የት እንደወደቀ አያለሁ። ልጅ ያለው ሰው ካላየ ማን ያይለታል? ጎረቤቶቼ ለዚህ ይስቁብኛል። ጋሽ ደምሴ ግን ሥራ አደረጉት።

ነገሩ የጀመረው በኬክ ነው። ጋሽ ደምሴ ትከሻ ላይ የሚቀመጥ ትልቅ የቪዲዮ ካሜራ ከናይሮቢ ካስመጡ ጥቂት ወራቸው ነበር። አንድ ሰርግ ላይ ልክ ኬኩ ሊቆረስ ሲል ባትሪው አለቀ። ሌላ ባትሪ እስኪመጣ ሙሽሮቹን አስጠብቀው፣ ለምነው፣ እንደገና አስቆረሷቸው። ካሴቱ ሲታይ ግን ሙሽራው ቢላዋውን ሲያነሳ ኮት ለብሷል፣ ቢላዋው ኬኩ ላይ ሲያርፍ በሸሚዝ ነው። ቤቱ ሙሉ ሰው በሳቅ አለቀ።

«ኮቱን ሲያወልቅ እኮ አይቼው ነበር» አልኳቸው በኋላ።

«ታዲያ ለምን አትናገሪም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

በማግስቱ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ገዝተው ሰጡኝ። ከዚያ ወዲህ ባትሪ በተቀየረ ቁጥር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር፣ ሙሽራው ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ አበባው በየት ትከሻ በኩል እንዳለ፣ ሻማው ምን ያህል እንደነደደ በዚያ በተጣመመ ጽሕፈቴ እጽፋለሁ። ሲቀጥሉ «የት ነበርን?» ይሉኛል፤ እነግራቸዋለሁ።

ሥራው ግን በማንሳት አያልቅም ነበር። ከጓዳው ሁለት የቪዲዮ ዴኮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ ያጫውታል፣ ሌላው ይቀዳል። የሚፈለገው ሲመጣ መቅጃውን መልቀቅ፣ የማይፈለገው ሲመጣ መያዝ ነው። ቀጂው ዴክ ከተለቀቀ በኋላ ትንሽ ያመነታ ስለነበር፣ ጋሽ ደምሴ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው «አንድ፣ ሁለት» ብለው ከምስሉ ቀድመው ይለቁታል። ከተሳሳቱ ደግሞ እንደገና። ካሜራው የተነቀነቀበት ወይም ሰው ፊት ለፊት ያለፈበት ቦታ ላይ «እጅ አምጪልኝ» ይሉኛል፤ የሚያጨበጭብ እጅ፣ ከበሮ፣ የሚጨፍር እግር የተቀዳበትን ካሴት አቀብላለሁ። በዚያ ክፍተቱን ይደፍኑታል። ሰው ግን ሰርጉን ያለ አንዳች ስንጥቅ ያየ ይመስለዋል። ዛሬ ልጄ ሰላም ይህንኑ ሥራ በላፕቶፕ ትሠራለች፤ ለእያንዳንዱ ነገር የእንግሊዝኛ ስም አላት። እኔ ከጎኗ ቁጭ ብዬ «የጆሮ ጌጧ የት ሄደ?» ስላት፣ «እማ፣ ማን ያየዋል?» ትለኛለች። ከዚያ ግን ትመልሰውና ታስተካክለዋለች።

ወደ ካሴቱ ልመለስ። ከፎቶ ቤታችን በላይ ሁሉም «ሻለቃ» እያለ የሚጠራቸው አንድ ሰው ይኖሩ ነበር። የዘመኑ ፖለቲካ ከድንበሩ በር ወዲያ እንዳያልፉ አድርጓቸዋል። ከደጃቸው ቆመው በሩን ያዩታል፤ ከዚያ በላይ መሄድ ግን አይችሉም። አንዲት ልጃቸው ሮማን በኢትዮጵያ ሞያሌ ጨርቅ የሚነግድ ሰው ልታገባ ሆነ። ሰርጉ እሑድ ነው። ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ሻለቃ በጭነት መኪና ወደ ናይሮቢ፣ ከዚያም ወረቀታቸው ወደመራቸው ሩቅ አገር ሊሄዱ ነው፤ ከሄዱ መመለስ የለም። ሮማን ለመልስ የምትወጣው በቅዳሜው ስለሆነ አይደርሱባትም። በሰርጉ ዋዜማ ወደ ፎቶ ቤት መጡና ቆባቸውን ይዘው ቆሙ።

«ደምሴ፣ ጭፈራውን ተወው። ምግቡንም ተወው። ከደጄ ወጥታ እዚያ ቤት እስክትገባ ነው ማየት የምፈልገው። ስትገባ ካላየሁ የዳርኳት አይመስለኝም።»

«እስክትገባ ድረስ፣ ሻለቃ» አሉ ጋሽ ደምሴ።

እሑድ ሮማን በአባ ጉዮ ነጭ ፔጆ ከአባቷ ደጅ ተነሳች። አባ ጉዮ ጎልቦ ቆላ ላይ ግመል ያላቸው ነጋዴ ናቸው፤ ያቺ ፔጆ የከተማው ሙሽሮች ሁሉ መኪና ነበረች። ጋሽ ደምሴ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ከመኪናዋ ቅርብ ለመሆን በኬንያ በኩል በመንገዱ ግራ ጠርዝ ቆመው ቀረጹ። መኪኖቹ በሩ ላይ ወረቀት ሲያሳዩ እኛ በእግር ቀድመን ተሻገርን። በወዲያኛው በኩል ፔጆዋ ቀኙን ስትይዝ እሳቸውም ወደ ቀኙ ጠርዝ አለፉ። ደጃፉን፣ የሙሽራውን እናት፣ ሮማን ደፍ ስትረግጥ ሁሉንም አነሱ። ደስ ብሎን ተመለስን።

ሰኞ ካሴቱን ስንቀጥል ልቤን አንድ ነገር ከበደው። ፔጆዋ ከሻለቃ ደጅ ተነስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ግራ ሄዳ ትወጣለች። ቀጥሎ ከዚያው ከግራ ብቅ ብላ ወደ ቀኝ ትመጣለች። ቤቱ በዚህም በዚያም ቆርቆሮ፣ ዛፉ በዚህም በዚያም ግራር፣ አፈሩ አንድ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ተመለሰች እኮ።»

«ማን?»

«ሮማን።»

«የት ትመለሳለች? አሁን ከባሏ ጋር ዶሮዋን እየበላች ነው።»

«በካሴቱ ነው የምልዎት። ወደ አባቷ ቤት እየተመለሰች ነው።»

ሦስት ጊዜ እያጠነጠኑ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁና ግንባራቸውን መቱ። ጠረጴዛው ላይ የክብሪት ቀፎ እንደ መኪና እየነዱ አስረዱኝ። ካሜራ ከመንገዱ በአንድ ወገን እስከቆመ ድረስ መኪናዋ ወደ አንድ አቅጣጫ ስትሄድ ትታያለች፤ ካሜራው መንገዱን ከተሻገረ ግን ያቺው ወደ ፊት የምትሄደው መኪና ወደ ኋላ የምትመለስ ትመስላለች። ድንበሩ መኪናዋን ጠርዝ አስቀየራት፣ መኪናዋ እሳቸውን አስቀየረቻቸው። ስንቱን ሰርግ እንደዚህ ሲያነሱ ኖረዋል! ማንም ልብ ያላለው፣ ካሴቱን የሚያየው ሁሉ አብሮ የተሻገረ ሰርገኛ ስለነበረ ነው። ይህንን ግን የሚያዩት ያልተሻገሩት ሰው ናቸው። ሰርገኛ ደግሞ ገድ የለውም ብሎ በሄደበት መንገድ አይመለስም፤ ሹፌሮቹም ዞረው በሌላ በኩል ነው የሚመጡት። አባት ሊሄድ ሻንጣውን ባሰረበት ሳምንት ልጁ ከመንገድ ስትመለስ ማየት ምን ያደርገዋል? 

መጀመሪያ በመሃል ከበሮና እልል የሚሉ ሴቶች አስገቡበት። አሁንም ተመለሰች፤ ያውም በእልልታ። አንደኛውን ወገን እንጣለው ብል፣ ወይ ደጃቸው ይቀራል ወይ መግባቷ። ጋሽ ደምሴ የክብሪት ቀፎውን ፊት ለፊት ወደ እኔ እየገፉ «ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማትሄድ፣ ፊት ለፊት የምትመጣ መኪና ያስፈልገናል። እሷን ካየ በኋላ ዓይን አቅጣጫውን ይረሳዋል» አሉ። እንደዚያ ያለ ምስል ግን አላነሳንም ነበር።

ማክሰኞ አባ ጉዮ ዘንድ ሄድን።

«ዛሬ ደግሞ ማንን ልትድሩ ነው?» አሉን።

«ያቺኑ ሮማንን» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ሁለት ጊዜ? እኔ አንዴ አግብቼ መች አረፍኩ!»

ይስቁ እንጂ መኪናዋን ሰጡን። ችግሩ ታጥባለች፤ ታበራለች። ደብተሬን ገለጥኩ። ሮዝ ሪባን በቀኙ መስታወት፣ ነጩ በግራ፣ ከፊት ካሉት አበቦች ሦስተኛው ወድቋል፣ አቧራ እስከ መብራቶቹ። ሪባኑን አሰርኩ፣ ሦስተኛውን አበባ ነቀልኩ፣ ከዚያ አፈር በሁለት እጄ እየዘገንኩ ፔጆዋ ላይ መበተን ጀመርኩ።

«አንቺ ሴት! ሁለት ጀሪካን ውሃ ነው የጨረስኩባት! ጤና የለሽም?»

«ይቅርታ አባቴ፣ እሑድ ቆሻሻ ነበረች።»

«ደምሴ፣ ይቺን ከየት አመጣሃት?» አሉ፤ ግን አልከለከሉኝም። የእሑዱ ጥላ እንዲመጣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን ጠበቅን።

ከኋላ የምትቀመጠው ማን ትሁን ስል፣ ጋሽ ደምሴ «አንቺ» አሉኝ። ቬሎውን ገና አላጠብኩትም ነበር፤ ጠርዙ ላይ የእሑዱ ቀይ አፈር አለ። እኔ ቬሎ ስንቱን ሙሽራ አልብሻለሁ፣ አጥቤያለሁ፣ ተኩሻለሁ፤ አንድ ቀን ግን እኔው ለብሼው አላውቅም። ሰላምን ለልብስ ሰፊው ሚስት ሰጥቼ ገና ሦስት እርምጃ ሳልሄድ ጮኸች። ልጄን በሰው እጅ ትቼ አላውቅም፤ ያ ቤት ደግሞ መርፌ ብቻ ነው። ተመልሼ ወሰድኳትና ከዓይነ ርግቡ ሥር እቅፌ ውስጥ አስተኛኋት። «ከደረትሽ በላይ ነው የሚታየው፣ ግድ የለም» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

አባ ጉዮ ቀስ ብለው ወደ ካሜራው ነዱ። የማውቀው መንገድ በዚያ በነጭ መረብ ውስጥ ሌላ ነበር። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ወጥቶ «ማማ ሰላም ተዳረች!» ሲል፣ ማንዳዚ የምትጠብሰው ሴት እልል አለች። ቀልዳቸውን ነው። እኔ ግን ዓይኔ ስለረጠበ ቀና ብዬ ቆየሁ። በማግስቱ ጠዋት ምስሉ ሲቀጠል ራሴን ማየት አፈርኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጋሽ ደምሴ «አንድ፣ ሁለት» ሲሉ ብቻ ሰማሁ።

ረቡዕ ከሰዓት ቴሌቪዥኑን፣ ዴኩንና ጄኔሬተሩን በጋሪ ጭነን ሻለቃ ቤት ሄድን። ግድግዳው ላይ ምንም የለም፤ በገመድ የታሰረ ሻንጣ ከበሩ አጠገብ ቆሟል። ሻለቃ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ክራባታቸውን አስረው፣ በአንዲቱ ወንበር ተቀመጡ። እኔ ሰላምን አዝዬ ከኋላቸው ቆምኩ።

ሮማን ከደጅ ወጣች። ፔጆዋ ወደ ግራ ሄደች። ከዚያ ፊት ለፊት መጣች፣ መጣች፣ ቴሌቪዥኑን ሞላችው። ከዚያ ወደ ቀኝ ሄደች። ትንፋሼን ይዤ ጀርባቸውን አያለሁ። አልተነቃነቁም። ደጃፉ መጣ፣ አማቷ መጣች፣ ሮማን ጫፉን ሰብስባ ደፉን ተሻገረች።

«ገባች» አሉ ሻለቃ። ትከሻቸው ወረደ። «ገባች ልጄ።»

ጋሽ ደምሴ ላባቸውን ጠረጉ። ሻለቃ ግን ዞር ብለው «ያቺን ከፊት የምትመጣዋን መልስልኝ» አሉ።

አሁን ፊቴን ወደ ግድግዳ ማዞር አልቻልኩም። ፔጆዋ መጣች፤ ሪባኑ በቦታው፣ አቧራው በቦታው፣ አበባው እንደጎደለ። ከመስታወቱ በስተኋላ እኔ በነጭ ተሸፍኜ ቀና ብያለሁ። ከዓይነ ርግቡ ሥር ደግሞ አንዲት ትንሽ እጅ ወጣች፣ መረቡን ጨበጠች፣ ወደ ታች ጎተተችው።



«ልጄ ከዚህ እስከ በሩ ሳትደርስ ወለደች እንዴ?» አሉ ሻለቃ።

«ሻለቃ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አሁኑኑ እናወጣዋለን...» ጋሽ ደምሴ እጃቸውን ወደ ዴኩ ሰደዱ። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ መንገዱን፣ ጠርዙን፣ እንዴት ተመልሳ እንደመጣችብን፣ አፈር እንዴት እንደበተንኩ፣ ሁሉንም። ልታለቅስ እንደደረሰች ልጅ ሳላቋርጥ ነገርኳቸው። እስክጨርስ ሰሙኝ።

«እንግዲያው ይቺ ከፊት የምትመጣዋ ባትኖር ልጄ ትመለስብኝ ነበር?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

ሻለቃ በጣታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ አመለከቱ። «አትቁረጡት፤ እንዳለ እወስደዋለሁ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺንስ ማን ዳረሽ?»

«ማንም። አባቴ ስንሰደድ ቦሪ የሚባል ቦታ ላይ አረፈ። እኔና የሰላም አባት እንዲሁ ነው ቤት የገባነው።»

ሻለቃ ከወንበራቸው ተነሱ፤ የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። ከዚያ ተመልሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ምን እንደጠበቁ ገባኝ። ሰላምን ከጀርባዬ አውርጄ እንዳቀፍኩ፣ እንደምትዳር ሙሽራ ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ። ለምርቃት አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ዓይናቸው ሰላም ላይ ሲያርፍ ፈገግ አሉና፣ «ውለጂ» የሚለውን ዘለው፣ «ክበጂ» አሉኝ።